ስለ ጉልበቴ የጸለየች ከተማ

አሮዮ፣ ፖርቶ ሪኮ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 1988

ለእህቴ ልጅ ለአቢማኤል

የቀርሜሎስ እመቤት ትባርክህ፤ ከኒውዮርክ ብርድና ከክፉ ሰው ትሰውርህ። እናትህ ብትኖር ይህን ምርቃት የምትጽፍልህ እሷ ነበረች። አሁን በእሷ ፋንታ እኔ ነኝና አሜን በል።

ለልጄ ለራሚሮ ሞት የጻፍክልኝ የሐዘን ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤ አቃጠልኩት። አትቀየመኝ። ያን ቃል ወረቀት ላይ አስፍሮ በፖስታ መላክ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ደብዳቤ የሚያድለው ቻጎ ፖስታውን ወደ ፀሐይ አንስቶ እንደሚያነብ አገር ያውቃል። እዚህ ልጄ የሞተው በሳንባ ምች ነው። ሐኪሙ ኪንታና እንደዚያ ብሎ ጻፈ፤ አባ ኡርባኖ እንደዚያ ብለው ሰበኩ፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አለቀስኩ። ሬሳ ሣጥን ሠሪው ክዳኑን በምስማር ከመታው በኋላ ሙቀቱ ስለበረታ ነው አለ ለሰዉ። ለዘጠኙ ቀን ጸሎት ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ያፈላሁትን ቸኮላት ግን የቀመሰው የለም። ኩባያዎቹን የሰበሰብኳቸው እንደሞሉ ነው።

ስለ ምራቴ ስለ ኔሬይዳ ጠይቀሃል። ቺካጎ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። ወጣት ናት፤ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ግድግዳ ልታይ ነው?

ቤቱ ግን ጸጥ አላለም፣ አቢማኤል። ይህን ለሌላ ሰው አልልም። ራሚሮ ታሞ ከተኛበት ከጓሮው ክፍል ሳል ይሰማል። ምሳ ስሠራ እሰማዋለሁ፤ ልብስ ሳሰጣ እሰማዋለሁ። ጎረቤቴ ቶማሳ አንድ ቀን ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ ምንድን ነው ይሄ ድምፅ ብትለኝ፣ ቧንቧው ነው አልኳት። አየር ገብቶበት ነው አልኳት። አመነችኝ።

ስለት ገብቻለሁ። የእመቤታችንን ቡናማ ልብስ ለብሼ ገመዱን ታጥቄያለሁ። የአገርህን ልማድ ካልረሳኸው ታውቀዋለህ፤ የስለት ልብስ የለበሰ ሰው ያገኘ ሁሉ ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ለባሹ የበሽተኛውን ስምና በሽታውን ይናገራል፣ ጠያቂው እዚያው ቆሞ አንዲት የማርያም ጸሎት ይደግምለታል። ልብሱ የሚሠራው በዚህ ነው። ታዲያ ቶማሳ ሰው በሞላበት ዳቦ ቤት በር ላይ ጠየቀችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ጉልበቴ ሆነ። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሁሉ ቆሞ ለጉልበቴ ደገመልኝ። እውነቱን ለማን እንደለበስኩት አንተም አትጠይቀኝ።

እዚያ የሚሸጠውን ወፍራሙን የሳል ሽሮፕ ላክልኝ። ለጉሮሮዬ ነው።

አክስትህ ኤዱቪሂስ


ኒውዮርክ
ኦክቶበር 23 ቀን 1988

ለማከብርዎ አክስቴ

አሜን ብያለሁ። ጎንበስ ብዬም ቡራኬዎን ተቀብያለሁ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ያየኝና የሳቀብኝ የለም።

ሽሮፑን በአውሮፕላን ልኬዋለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? አሮዮ ሙሉ ከጸለየለትማ ዘንድሮ እርስዎን ከጭፈራ የሚያወጣዎት አይገኝም።

እርስዎ ካልወደዱ ቃሉን አልጽፈውም። ግን ባለፈው ደብዳቤዬ እኔም እንዳለብኝ ነግሬዎት ነበር፤ በመልስዎ ዘለሉት። አብሮኝ ይኖር የነበረው ሰው በማርች መሞቱን ነግሬዎት ነበር፤ እሱንም ዘለሉት። አልከፋኝም። ቅር ብሎኛል ብል ግን ይሻላል።

አሁንም ሥራዬ ላይ ነኝ፤ የምድር ባቡር ጣቢያው መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የመግቢያ ሳንቲም እሸጣለሁ። መሀላችን መስታወት ስላለ ሰው አይፈራኝም። ከሥራ ስወጣ የምሄደው እንደኔ የታመሙ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ነው። ጩኸታም ስብስብ ነው፤ እናቴ ብታየን በመጥረጊያ ታባርረን ነበር። በዚህ ወር መጀመሪያ አውቶቡስ ሞልተን መድኃኒት የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄድን። እዚያ የተቀመጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ድሮ በሌላ አገር አንድ ክኒን በችኮላ ተሸጦ ሕፃናት ያለ ክንድ ተወልደዋል፤ እነዚህ ያንን አይተው ቀስ ማለትን ተማሩ። አንድ መድኃኒት ፈትነው እስኪያጸድቁ ዓመታት ይሄዳሉ። ጤነኛ ሰው ይህን ቢሰማ እሰየው ይላል። እኛ ግን ዓመታት የሉንም፤ ይህን በምን ቋንቋ እንደምንነግራቸው ጠፋን።

ስለዚህ ከካርቶን የመቃብር ድንጋይ ቆርጠን፣ ራስጌያችን አድርገን አስፋልቱ ላይ ተኛን። በየድንጋዩ ላይ አንድ አንድ የሞተ ሰው ስም ተጽፏል። እኔ የጻፍኩት «ራሚሮ ሌብሮን፣ አሮዮ» ብዬ ነው። ሰማዩን እያየሁ እዚያ ስተኛ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ ያለ መሰለኝ። ሁላችንም እዚያ ከሱ ጋር የተኛን ያህል ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎችም መጥተው ነበር።

የእህትዎ ልጅ አቢማኤል


አሮዮ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1989

ለአቢማኤል

እግዚአብሔር ይባርክህ። ይህን የምለው ልማድ ስለሆነብኝ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከገና በፊት ነው። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ቆየሁ፤ አልበረደም፣ እንዲሁ ልጻፍልህ። የቶማሳ እህት በሰብአ ሰገል፣ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ከሳን ሁዋን መጣችና፣ እንግዳ በሞላበት ሳሎን፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ፣ በቴሌቪዥን ያየችውን አወራች። እብዶች መንገድ ላይ ተኝተው፣ ራስጌያቸው ላይ የአሮዮ ሰው ስም። ራሚሮ ሌብሮን። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ሌብሮን የሌለበት ቤት እዚህ የት አለ፣ የኔ ልጅ አይደለም አልኩ። ገባህ? የወለድኩትን ልጅ፣ አፈር ከለበሰ ዓመት ያልሞላውን፣ የኔ አይደለም አልኩ። ይህን ያስባልከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ካርቶን ላይ ስሙን ፍቀህ አጥፋልኝ። የመቃብር ድንጋይ እዚህ አለው፤ እብነ በረድ ነው፣ ማንም ባቡር ሻጭ የሚቆርጠው ካርቶን አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሉ ብሷል። ስሙን ስላነሳህበት ይሆናል። ወደ ጓሮ ስሄድ ጸጉሬ ይቆማል፤ አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ደርሼ ለመግባት ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

የሚያስቀው ጉልበቴ ድኗል። ሠላሳ ዓመት ያሠቃየኝ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ አይሰማኝም። አባ ኡርባኖ ተአምር ነው እያሉ ነው። ልብሱን ለምን አላወለቅሽም ሲሉኝ ሌላኛው ጉልበቴ ቀርቷል አልኳቸው።

የምትልክልኝ እንደዚህ ነው፦ የጎማ ጓንት፣ ለፍራሽ የሚሆን ላስቲክ፣ ደግሞ አንዲት ስስ የሌሊት ልብስ፤ ልኳ ትንሹ ይሁን።

ኤዱቪሂስ


ኒውዮርክ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989

አክስቴ

ይቆጡ፤ ግን ይባርኩኝ። ካርቶኑን አላጠፋሁትም። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስሙ እንዲታይ የፈለግሁት እርስዎን ለማዋረድ አልነበረም። እንዲያውም ውርደቱ የኔ ነው። ራሚሮን ና ሥራ አለ ብዬ ከአሮዮ የጠራሁት እኔ ነኝ። የዕፅ መርፌውን ያስለመዱትን ልጆች ያገኘው እኔ ቤት ደረጃ ላይ ነው። እሱ እዚህ ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ ማንም አያየውም፣ ጫማውን አውልቆ አሸዋ ያራግፋል። ስለዚህ ሳሉን እሰማለሁ ሲሉኝ አልቀለድኩብዎትም።

አሁን ግን ልጠይቅዎት ነው። የሌሊት ልብሱን ገዝቻለሁ። አክስቴ፣ በዚህ ልብስ እርስዎ አንድ ክንድዎን አያስገቡም። የሞተ ሰው ሽሮፕ አይጠጣም፤ ላስቲክም አያስፈልገውም። ቺካጎ ለኔሬይዳ ወንድም ስልክ ደወልኩ። ካገባች ወዲህ እህቴን አላየኋትም አለኝ።

የሚያስለው ማነው?

አቢማኤል


አሮዮ
ማርች 12 ቀን 1989

የእህቴ ልጅ

የመድኃኔ ዓለም ጥላ ይሁንልህ። ደብዳቤህን ቻጎ ሲሰጠኝ ገና ሳልከፍተው ያወቅኸው መሰለኝ።

ኔሬይዳ ናት። ከጓሮው ክፍል ወጥታ አታውቅም። ራሚሮ በሞተ በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት፤ እናቷ ቤት ብትሄድ ምግቧን በር ላይ አስቀምጣ ሰሃኑን በዱላ የምትገፋላት ሆነች። ወደኔ ተመለሰች። እኔ ሰሃኑን አልፈራሁም፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አጥባታለሁ፣ አበጥርላታለሁ። የፈራሁት አፌን ነው። ቺካጎ ሄደች ብዬ አወራሁ። መስኮቱን በካርቶን ዘጋሁ። አንተ ካርቶን ላይ ስም ስትጽፍ እኔ በካርቶን ሰው ጋረድኩ።

ሐኪሙ ኪንታና በምሳ ሰዓት፣ ከተማው ሲተኛ፣ በጓሮ በር ይመጣል። ሳንባ ብሎ ይጽፋል። ሌላ መጻፍ ብችልም አንቺ ሳትጠይቂኝ አልጽፍም ይለኛል፤ እሱም ክሊኒኩን በድንጋይ እንዳይሰብሩበት ይፈራል።

እሷ ስትተኛ እንኳ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ነው። ለቶማሳ እንዳይሰማ። ቧንቧው ነው ብያታለሁ ስላት ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ ያስላታል። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ከተማው ሁሉ ለጉልበትሽ ጸለየ፣ ጉልበትሽ ዳነ። ለኔ ማን ጸለየ?»

 ልብሱን ለሷ ነው የለበስኩት። ስሟን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ጸሎቱ ሁሉ ስም የተጠራለት ዘንድ ሄደ።

የምትጮሁበትን መድኃኒት ላክልኝ። የፈለገውን ይሁን።

ኤዱቪሂስ


ኒውዮርክ
ጁን 4 ቀን 1989

አክስቴ

ቡራኬዎን እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ከሌላው ቀን የበለጠ።

መልሴ የዘገየው ሆስፒታል ገብቼ ስለነበር ነው። ወጥቻለሁ፤ ሱሪዬ በገመድ ነው የቆመልኝ።

መጀመሪያ ለምን የኔን እንዳልላክሁልዎት ልንገርዎት። አዲሱ መድኃኒት በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ዱቄት ነው። እኔ ያለሁት ፍተሻው ውስጥ ነው፤ ግማሾቻችን እውነተኛውን እንወስዳለን፣ ግማሾቻችን ባዶ ዱቄት፤ ማን የቱን እንደሚወስድ ሐኪሙም አያውቅም። አንዳንድ ጓደኞቼ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅለው ይካፈላሉ፤ ቢያንስ ግማሽ ይደርሰናል ብለው። እኔም ትንሽ ጊዜ ተካፍዬ ተውኩት። ሁሉም ከቀላቀለ መድኃኒቱ መሥራቱን ማንም ሳያውቅ ይቀራል፤ ከኛ በኋላ የሚታመሙት ምን ይዋጡ? በዚህ የተነሳ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልተን ሳንታረቅ ሞተ። እና ለኔሬይዳ ባዶ ዱቄት ሊሆን የሚችል ነገር ልኬ እርስዎን በተስፋ ላቆም አልፈልግም። እሷ እዚህ ብትመጣም አይቀበሏትም፤ ሴት የማያስገባ፣ ዕፅ በመርፌ የወሰደውንና ሚስቱን የማያስገባ ፍተሻ ነው የሞላው።

ለዚህ ነው የምንታገለው። ፍተሻው ይቀጥል፣ ከጎኑ ግን መጠበቅ ለማይችለው ሰው መድኃኒቱ ሳይጸድቅ በሐኪሙ በኩል ይሰጠው ብለናል። ድሮ ያባርሩን የነበሩ አሁን ወንበር ሰጥተውናል። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለደሴታችንም ይላክ አልኩ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ ጨዋ ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ከደቡቡ ዳርቻ ያመለከተ አንድም ቤተሰብ የለም። እዚያ ሰው የሚሞተው በሳንባና በጉበት ነው። የምንልከው ለማን ነው?»

ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ዳቦ ቤት በር ላይ እርስዎ ተጠይቀውታል። እኔም እንደርስዎ ቆምኩ። አንድ ስም ነበረኝ፤ እርስዎ ስላልፈቀዱልኝ ዋጥኩት። ሌላ የሚያወራ ተነሳ፣ አለፈ።

በኦገስት መጀመሪያ ሰዎቹ እዚያው እርስዎ አጠገብ ወዳለችው ከተማ ወደ ፖንሴ ይመጣሉ። የበሽተኛ ቤተሰብ ሊሰሙ ነው። ማንም ካልመጣ ማከፋፈያው ሳን ሁዋን ብቻ ይሆናል፤ ኔሬይዳ ያን መንገድ አትችለውም። አላዝዎትም። እርስዎን ማዘዝ እናቴም አልቻለችበትም።

አቢማኤል


አሮዮ
ኦገስት 13 ቀን 1989

ለአቢማኤል

እመቤታችን በቀሚሷ ትሸፍንህ።

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። ደረቴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ፤ ላቤ ፊደሉን በላው።

በጁላይ የእመቤታችን በዓል ሆነ። እንደምታውቀው ምስሏን ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው በዓሣ አጥማጆች ትከሻ ወደ ባሕሩ ይወስዷታል፣ በጀልባ ትዞራለች። አባ ኡርባኖ ዘንድሮ ቡናማ ከለበሱት ሴቶች ሁሉ ፊት አንቺ ትሄጃለሽ አሉኝ። የዳነ ጉልበት ይዤ! እንቢ ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ሄድኩ። ሙዚቀኞቹ፣ ሕፃናቱ፣ አገሩ ሁሉ ከኋላዬ። እግሬ እንደ ልጃገረድ ይራመድ ነበር፤ በዚያ እግር ላይ የነበረኝን ጥላቻ አትጠይቀኝ።

ጀልባዎቹ ጋ ስንደርስ አባ ኡርባኖ ሙዚቃውን አስቆሙና ወደኔ ዞሩ። ስለቱ ለማን እንደነበር ተናገሪና ሕዝቡ ያመስግን አሉኝ። እመቤታችን ከነልጇ ከላይ ታየኛለች። ራሚሮ ደግሞ፣ ካመንከኝ እመን፣ ከጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ለጉልበቴ አይደለም» አልኩ። «ለምራቴ ለኔሬይዳ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ናት። ኤድስ ነው የያዛት። ልጄ ራሚሮም የሞተው በሱ ነው።»

ልማዱ የሰማ ሁሉ እዚያው እንዲጸልይ ነው። ማንም አፉን አልከፈተም። ከጎኔ የነበሩት ሴቶች ዞር ዞር አሉ፤ ቀሚሳቸው እንዳይነካኝ ሰበሰቡት። አባ ኡርባኖ ለሙዚቀኞቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። እመቤታችን ጀልባ ላይ ወጣች። እኔ ብቻዬን አሸዋው ላይ ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ከመስኮቱ ካርቶኑን ቀደድኩት። ኔሬይዳ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። «እንዳሻሽ ሳዪ» አልኳት፤ ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ተኛች። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ስትተኛ ያየኋት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የጓሮው በር ተንኳኳ። ሐኪሙ መስሎኝ ከፈትኩ፤ ቶማሳ ናት። ሻሽ ተከናንባለች። አልተቀመጠችም። «ቧንቧሽ ሲያስል ዓመት ሙሉ ስሰማ ነበር» አለችኝ። «እኔም ቤት ቧንቧ አለ።»

ልጇ ኤፍራይን ነው። ጉበቱን ነው ትል ነበር፤ ሻማ የምታበራው ለጉበቱ ነበር። አጥሩን ተደግፈን ስናወራ የኖርን ሴቶች፣ እኔ የሷን አልሰማሁ፣ እሷ የኔን ሰምታ ዝም ብላ። ከሷ በኋላ ሌላ መጣ፤ ሁሉም በጓሮ፣ ሁሉም በምሳ ሰዓት። ጎረምሳ ያለው አባት፣ ያላገባች እህት። ሐኪሙ ኪንታና አሁን ሁላችሁም ከጠየቃችሁኝ እጽፋለሁ አለ፤ ጻፈም።

ፖንሴ የሄድነው በዓሣ መጫኛ መኪና ነው፤ ሽታችን ከኛ ቀድሞ አዳራሹ ገባ። መነጽሩን የሚጠርገው ሽማግሌ እዚያ ነበር። ቡናማ ልብሴን አይቶ ምን እንደሆነ ሳይገባው ጠየቀኝ፤ አስተርጓሚዋ «ለማን ነው የለበሱት ይሉዎታል» አለችኝ። ነገርኩት። ስምና በሽታ። ቶማሳም ነገረችው። አንድ በአንድ ሁሉም ተነስተው ነገሩት፣ እሱም ስሙን ሁሉ ጻፈ። ልማዳችንን ባያውቅም አቀርቅሮ ነበር የሚጽፈው።

የእህቴ ልጅ፣ ይህን ባለፈው ሴፕቴምበር ዳቦ ቤቱ በር ላይ ብዬው ቢሆን ኖሮ። ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው።

ኤዱቪሂስ


ኒውዮርክ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 1989

አክስቴ

ቡራኬዎን። አጭር እጽፋለሁ፤ ጣቴ ይደነዝዛል። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው ነው ይላሉ፤ እንግዲያስ የደረሰኝ ባዶው ዱቄት አልነበረም ማለት ነው። ይዩት፣ ሲያመኝ ደስ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ።

ፈቅደዋል። ሳይጸድቅ ይሰጣል፤ ፖንሴም ማከፋፈያ ይሆናል። ሽማግሌው ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ ቡናማ የለበሰችው ሴት አክስትህ ናት ወይ አለኝ። አዎ አልኩ፤ ደረቴን ነፋሁ፣ የቀረችኝን ደረት። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም ብሎ ሳቀ፤ ስትቀመጥ እንዳትቸገር ጠይቋት ኖሯል። ምንም አይሰማኝም አለችኝ አለ።

ካርቶኑ አሁንም ከቤቴ በር ጀርባ አለ። ከራሚሮ ስም ሥር ባዶ ቦታ አለ።

አቢማኤል


አሮዮ
ኖቬምበር 26 ቀን 1989

ለልጄ ለአቢማኤል

አሁን ልጄ ልበልህ፤ እናትህ አትቀየመኝም። በረከት በጭንቅላትህ፣ በጣቶችህ፣ በእግርህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በኦክቶበር መጨረሻ ነው። አውሎ ነፋሱ መንገዱንም ፖስታውንም ዘግቶት ነበር፤ የጓሮውን ክፍል ቆርቆሮም ወሰደው። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌልህ መልስ አላገኘሁም። ወደ ጣቢያህም ስልክ አስደወልኩ፤ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል አሉኝ።

ኔሬይዳ ኦክቶበር ውስጥ ሞተች። ጣሪያው ሲሄድ ወደኔ ክፍል አምጥቻት ነበር፤ በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ሰው እያየች ነው የሞተችው። ሣጥኗን ክፍት አስደረግሁ። ሣጥን ሠሪው ሙቀት ሊል ሲል አየሁትና ዋጠው። ለዘጠኙ ቀን ጸሎት ቸኮላት አፈላሁ። አንዳንዱ ኩባያ ባዶውን ተመለሰ። ሁሉም አይደለም፤ ግን አንዳንዱ።

መድኃኒቱ የመጣው በዚህ ወር ነው፣ በስሟ። ሐኪሙ ኪንታና ሣጥኑን ይዞ ደጃፌ ላይ፣ በፊት ለፊት በር፣ በጠራራ ፀሐይ ቆመ። ምን ላድርገው አለኝ። አጥሩን አሻግሬ ቶማሳን ጠራኋት። ኤፍራይን ጀምሯል። ትናንት እንቁላል ጥበሺልኝ ብሏታል፤ እዚህ ድረስ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፣ ከዚያ እኔን አይታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደስታዬም እውነት ነበር፤ ያቃጠለኝም እውነት ነበር።

ቤቱ አሁን ጸጥ ብሏል። በዚያ ሳል ስንት ጊዜ ጸጉሬ ቆሟል፤ ዛሬ ወጥ እያማሰልኩ እጄን አቁሜ አዳምጣለሁ። ምንም የለም። ከዚህ የሚያስፈራ ነገር አልሰማሁም።

በልማዱ የስለት ልብስ ሰውየው ሲሞት ይወልቃል፣ ይቀበራል። እኔ አላወለቅሁትም። ቶማሳ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ሰው እንደሞላ፣ አሁንስ ለማን ነው ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፤ አውቃ ነው። «አቢማኤል፣ የእህቴ ልጅ፣ ኤድስ» አልኩ። ከሰልፉ የወጡ አሉ። የቀሩት ቆመው ደገሙልህ። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ ይደግሙልሃል፤ አባ ኡርባኖ እንኳ ትናንት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ላክልኝ፤ ሌላ አልለምንህም። አብሮህ ይኖር የነበረው ሰው ስሙ ማን ነበር? ሳልጠይቅህ ቀረሁ፤ ስም ስለሌለኝ ማንም አልጸለየለትም። ካርቶኑ ላይ ከራሚሮ ስም ሥር ባለው ባዶ ቦታም ማንን ልትጽፍ እንዳሰብክ ገብቶኛል። እሱን ባዶ ተወው።

ጉልበቴ ተመልሶ ያመኛል። ዛሬ ፖስታ ቤት ደረጃው መሀል ላይ ተቀመጥኩ፤ መውጣት አቃተኝ። ሰው አይቶኝ ያልፋል፣ ልብሴን ያያል፣ ይደግማል፤ ለጉልበቴ ግን አንድም የሚጸልይ የለም፤ የሚጠሩት ያንተን ስም ነው።

አክስትህ ኤዱቪሂስ